የተፋቀው ቁጥር

በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቁ ውስጥ ሚዛን ብለው የሚጠሯት ሴት አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ውሸት ስትሸጥ ኖራለች። ክፉ ውሸት አልነበረችም። ባለሱቁ ያስተማራት፣ ፋብሪካው አሳምሮ ያተመላት፣ ደንበኛው ራሱ ሊሰማት ጓጉቶ የሚመጣላት ዓይነት ነች። ሰውየው ይገባል፤ ግድግዳው ላይ ተደርድረው የቆሙትን የግራፋይት ዘንጎች ሽቅብ ሽቅብ ያያል፤ ከዚያ ከእጀታው ከፍ ብሎ በወርቃማ ቀለም የታተመውን ቁጥር በጣቱ ይነካና፣ «ይሄ ስድስት ይላል፣ ያኛው ስምንት። ምንድነው ልዩነቱ?» ብሎ ይጠይቃል። እሷም አፏን ሞልታ፣ «ቁጥሩ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል» ትላለች። ሰውየው ስምንቱን ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ሰው እንዲህ ነው፤ ቁጥር ካሳዩት ሌላ ነገር አይጠይቅም።

ሚዛን የተባለችው ማንኛውንም ዘንግ በአንድ ጣቷ ላይ አጋድማ፣ ሳያዘነብል የሚቆምበትን ቦታ በአንድ ሙከራ ስለምታገኝ ነው። ስሙን ያወጣላት ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የተሰበረ ዘንግ የሚጠግን ሽማግሌ ሲሆን፣ እሱንም ሰዉ በተራው ወጌሻው ይለዋል። እጁ ረጋ ያለ ነው፣ ምላሱ ግን መጋዝ። የውሸቷን እውነት የነገራትም እሱ ነበር፣ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት።

«ስሚ» አላት ያን ቀን፣ ሁለት ቦታ የተሰበረ ዘንግ ጭኑ ላይ አጋድሞ። «ይሄ ቁጥር መጀመሪያ ዘንግ የሚሠራበትን የግራፋይት ክር የሚያመርት አንድ ፋብሪካ ለገዛ ክሩ ያወጣው ስም ነው። ስም! እኔ አንቺን ሚዛን እንዳልኩሽ። ከዚያ ሌላው ሁሉ እየተነሣ ደስ እንዳለው ይለጥፈዋል። የዚህኛው ስድስት ከዚያኛው ስምንት ሊበልጥ ይችላል። ማን ተቆጣጣሪ አለው?»

«ታዲያ ቁጥሩ ምንም አይናገርም ማለት ነው?»

«የአንድ ፋብሪካ ዘንጎችን እርስ በርስ ካስተያየሽ ይናገራል። ግን የሚናገረው ስለ ግትርነት ነው እንጂ ስለ ጥንካሬ አይደለም። ክሩ ግትር ሲሆን ትንሽ ይበቃል፤ ስለዚህ ዘንጉ ስስ ይሆናል፣ ቀላል ይሆናል። ዓሣው ትሏን ገና ሲያሸታት እጅሽ ድረስ ይሰማሻል። ግን አይምርሽም። ድንጋይ ላይ አንዴ ጠቅ ካደረግሽው ውስጡ ይቆስላል፤ ላዩ ላይ ምንም አይታይም። ከወር ከሁለት ወር በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ተረስቶ፣ ደህና ዓሣ ስትይዢ ቀጭ! ይልሻል። እኔ በምን የምበላ ይመስልሻል? በእናንተ ስምንት እኮ ነው!»

ሚዛን ስቃ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። እውነቱን ሰማች፣ ገባትም፤ ያችን ቃል መሸጡን ግን አልተወችም። ሥራ ሥራ ነው ብላ ራሷን አሳመነች።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ ጋር ሁለት ብቻቸውን ይኖራሉ። አባቷ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ነው። ብረቱን ቀርጾ ሲጨርስ መለኪያ ከማንሣቱ በፊት በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርገውና፣ «ፀጉር ታህል ትቀረዋለች» ይላል፤ መለኪያው ሲመጣም በእርግጥ ፀጉር ታህል ትቀረዋለች። ዘንግን በጣት መመዘንም ለልጁ ያስተማራት እሱ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በጣቱ ሲያስብ የኖረ ነው ማለት ይቻላል።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹን ከማዕበል ለመከለል በተከመረው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማጥመድ ሆነ ሥራው። ዘንጉ ቢጫ የፋይበር ግላስ ነው፤ የመወልወያ እንጨት የሚያህል፣ ዕድሜው ልጁ ሱቅ ከገባችበት ዘመን የሚበልጥ። አረም ሲጠመጠምበት ድንጋዩ ላይ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል። ዓሣ ሲይዝ ደግሞ ከጭንቅላቱ በላይ አሳልፎ ወደ ትከሻው ጀርባ ይገነድሰዋል። ፋይበር ግላስ ይሄን ሁሉ ይችላል፤ ይለመጣል፣ ይመለሳል፣ ቅር አይለውም። ልጁ ስለ ግራፋይት ስታወራው አባቷ ሳቁ ይመጣል።

«ግራፋይት የእርሳስ ሆድ ዕቃ አይደለም እንዴ? በእርሳስ ዓሣ ይጠመዳል? ደብዳቤ ልጽፍለት ነው?»

ነገሩ የተበላሸው ካቻምና ነው። የቆየው የስኳር በሽታው ከእግሩ ጣቶች ጀምሮ ያደነዝዘው ጀመር፤ መርገጫው ጥጥ ጥጥ አለው። ከዚያ ወደ እጁ ወጣ። አባቷ የሆዱን በሆዱ አድርጎ ምንም አልተናገረም። ሚዛን ያወቀችው አንድ ቀን ከማብሰያ ክፍል የተቃጠለ ነገር ሸቷት ስትገባ ነው። አባቷ ምድጃው አጠገብ ቆሞ፣ የጋለውን ድስት በባዶ እጁ ጨብጦ፣ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ቆዳው እየጨሰ ነበር።

«አባዬ! እጅህ!»

እጁን አየው። ቀስ ብሎ ድስቱን ለቀቀና፣ «ኧረ ምንም አይደል፣ ላዩን ነው» አለ። ጨርቅ አስረው ጨረሱ። ያን ቀን ሁለቱም መደንዘዝ የሚለውን ቃል አልጠሩትም፤ ከዚያ በኋላም አልጠሩትም። እሱ እሷ አላወቀችም ብሎ ይደብቃል፤ እሷ ማወቋን ትደብቃለች። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ነገር ከግራና ከቀኝ ሲሸፍን ይውላል።

ሐኪም ቤት ወስዳው ውጤቱን ለመስማት ብቻዋን ገባች። ሐኪሙ ነገር አላበዛም። አንዴ የሄደ ስሜት አይመለስም፣ የቀረውንም ብዙ አትመኑት፣ ዓመቱ ሳይሞላ ጨርሶ ሊሄድ ይችላል አላት። አባቷ ኮሪደሩ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ስትወጣ ቀና ብሎ አያት። ያን ፊት አይታ እውነቱን መናገር አቃታት።

«ክረምቱ ሲወጣ ይሻልሃል ነው የሚለው» አለች።

«አልኩሽ እኮ! ብርድ ነው!» አለና ባርኔጣውን ደፋ።

ክረምቱ ወጣ። አባቷ ባዶ ባልዲ ይዞ መመለስ ጀመረ። «ዓሣው ከዚህ ሸሽቷል» ይላል። እሷም፣ «ደንበኛው ሁሉ እንደዚያው ነው የሚለው» ትለዋለች። ደንበኛው ሁሉ ግን በዚያው ሳምንት የያዘውን ዓሣ በስልኩ እያሳየ ሱቁን ሲያደምቅ ነበር የሰነበተው። አንድ እሁድ ምሳ ልታደርስለት ሄዳ ከኋላው ቆማ አየችው። የዘንጉ ጫፍ ጎንበስ ቀና አለ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አባቷ ውሃውን እያየ ተቀምጧል። ዓይኑ ጫፉ ድረስ አያይለትም፤ እጁ ደግሞ አልነገረውም። ጫፉ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ክሩን ሰበሰበና ባዶውን መንጠቆ አገላብጦ ተመለከተው። ምሳውን ሰጥታው፣ «ዛሬም ሸሽቷል እንዴ?» አለችው።

በነጋታው ወጌሻው ክፍል ገባች።

«ጣቱ ለደነዘዘ ሰው የቱ ይሻላል?»

ወጌሻው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «ለደንበኛ ነው?»

«ለደንበኛ ነው፣ ጋሼ።»

ዓይኗን ትንሽ አያትና ሌላ አልጠየቀም። ከሚያምነው ፋብሪካ ሦስት ዘንግ ከግድግዳው አስወረዳት፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። «እጀታውን ያዢ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት። ከዚያ የስድስቱን ጫፍ ማንቁርቱ ላይ አስደግፎ፣ «ዛሬ ምሳ ምን ልብላ?» አለ። መዳፏ ውስጥ ከሩቅ የሚመጣ ንዝረት ተሰማት። ሰባቱን ሲያደርግ ጠራ። ስምንቱን ሲያደርግ ድምፁ እስከ ክርኗ ገባ፤ ዓይኗን ጨፍና የት ላይ እንደተነፈሰ ሁሉ አወቀች።

«ይሄን» አለች።

«ሰባቱን ውሰጂለት።»

«ይሄኛው ይበልጥ ይሰማል።»

«ይሰማል። ግን ጣቱ የደነዘዘ ሰው ምን ያህል እንደጨበጠ አያውቅም፤ የት እንዳጋጨውም አያውቅም። ሰባቱ ትንሽ ይታገሣል።»

«ለሰባት ጊዜ የለውም» አለች ሚዛን፣ ሳታስበው።

ወጌሻው መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰ። በኋላ፣ «እንግዲያው ከነወረቀቱ ስጪው» አላት። ወረቀቱ ከዘንጉ ጋር የሚመጣ፣ ታጥፎ እጀታው ላይ የሚታሰር ነው። ሥዕል አለው። አንዱ ላይ ሰውየው ዘንጉን ከጭንቅላቱ በላይ ወደ ኋላ ገንድሷል፣ አንዱ ላይ ድንጋይ ይመታበታል፤ ሁለቱም በቀይ መስመር ተሰርዘዋል። ሚዛን ወረቀቱን ፈትታ ባንኮኒው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጥጥ በአሴቶን አርሳ ወርቃማውን ቁጥር እያሸች ማስለቀቅ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሰውየው ቁጥር አይወድም።»

«ቁጥሩንስ ፋቂው። ባሕርዩን ግን ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ።»

ልትነግረው አስባ ነበር፤ ይሄ ውሸት አይደለም። ግን ነገሩን ስታወጣ ስታወርደው ጫፍ የለውም። ከጭንቅላትህ በላይ አታንሣው፣ ድንጋይ አታስነካው ስትለው፣ «ታዲያ እንዲህ ያለ አልቃሻ ዘንግ ምን ሊያደርግልኝ አመጣሽው?» ይላታል። መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ጣትህ ስለሞተ። እሱን ከምትል ምላሷ ይቆረጥ።

«ሱቅ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ነው» ብላ ሰጠችው። «እንደ አሮጌው ያለ ነው፤ ብቻ ቀለል ይላል።»

አባቷ በጣቱ ላይ አጋደመው። ዘንጉ አዘነበለ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና አዘነበለ። ሚዛን ፈጠን ብላ ጫፉን ያዘችና ጉሮሮዋ ላይ አስደገፈችው። «ዓይንህን ጨፍን» አለችው። ጨፈነ። «አባዬ፣ ይሰማሃል?» አለች፣ በቀስታ። 

አባቷ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ቆየ። ከዚያ ቅንድቡ ተነሣ። «እጄ ውስጥ ገባሽ» አለ። «እስኪ ድገሚው።» ደገመችው። ደግማ ደጋግማ፣ የማይረባውን ሁሉ፣ የጎረቤቱን ድመት ሳይቀር አወራችለት፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ አዳመጣት። 

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የሱቁ ስልክ ጮኸ። «ተሰማኝ!» አላት አባቷ፣ ሰላም እንኳ ሳይል። «መጀመሪያ ነካ አደረጋት። ከዚያ ተወት አደረጋት። ከዚያ ሲጎርሳት፣ ልጄ፣ ስትጎረስ ተሰማኝ!» ሚዛን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት። ያን ወር ቤታቸው በዓሣ ሸተተ። አባቷ የሚያወራው በዛ፤ ዘንጉን «ወሬኛው» ብሎ ስም አወጣለት። ሸሽቶ የነበረው ዓሣ ርቦት ተመለሰ እያለ ራሱ ላይ ይቀልዳል።

በዚያው ወር አንድ እሁድ አብራው ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ሳለ አረም ተጠመጠመበት። አባቷ እንደ ልማዱ ዘንጉን አነሣና ድንጋዩ ላይ ጠፍ ጠፍ አደረገው። ድምፁ ደረቅ ነበር። ሚዛን አፏን ከፈተች። አባቷ ዞር አለ፤ ፊቱ ላይ ከእናቷ ሞት ወዲህ ያላየችው ብርሃን አለ።

«ምን ልትይ ነው?»

«ሻይ ልቅዳልህ ወይ ልል ነው» አለች። ቀዳችለት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ምንም አልሆነም። እሷም ምንም የማይሆን መሰላት።

ዘንጉ የተሰበረ ዕለት ስልኩ የጮኸው ከቀትር በፊት ነው። ባንኮኒው ፊት አንድ ሰውዬ ስምንቱን ይዞ፣ እያወዛወዘ ቆሟል። የደወለው አባቷ ነው።

«ሰበርኩት» አለ።

«ተጎዳህ?»

«ዓሣ ይዤ ነበር። ትልቅ። ወደ ላይ አነሣሁት፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም። ቀጭ አለና ግማሹ ከዓሣው ጋር ወደ ውሃው ገባ። ክሩን ጎትቼ ነው ያወጣሁት፤ ዓሣውማ ሄደ። እጄ ነው፣ ልጄ። ምን ያህል እንደጎተትኩ እንኳ አያውቅም። እጄ አልቆለታል።»

ያን ጊዜ ልትነግረው ይገባ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንተ አይደለህም፣ ዘንጉ ነው፣ እኔ ነኝ። ግን ሰውየው ከፊቷ ቆሟል፣ ጆሮውም ተቀስሯል። «ምንም አይደል፣ አባዬ» አለች። «ዕቃ ነው፣ ይሰበራል። ማታ እንነጋገራለን።»

ስልኩን ስትዘጋ ሰውየው፣ «ይሄ ስምንቱ ጠንካራ ነው አይደል?» አላት።

«አይደለም» አለች ሚዛን። ከዚያ ማቆም አቃታት። ቁጥሩ ስም እንደሆነ፣ ግትርነትና ጥንካሬ አንድ እንዳልሆኑ፣ ድንጋይ ካስነኩት ውስጡ እንደሚቆስል፣ ከጭንቅላት በላይ እንደማይነሣ፣ ሁሉን ነገረችው። በአሥራ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ሙሉ በሙሉ ተናገረች፤ ለማታውቀው ሰው። ሰውየው ግራ ገብቶት ዘንጉን ቦታው መለሰና ምንም ሳይገዛ ወጣ።

ሥራ ስትወጣ ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና ሄደች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ጸሐይ ገና አልጠለቀችም፤ አባቷ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ባለችው መደብ ላይ ጎንበስ ብሎ ቲማቲሞቹን ያስራል። ባለፈው ሳምንት ችግኞቹ ድጋፍ ይፈልጋሉ ሲል ነበር። ዛሬ ድጋፍ አግኝተዋል። በየችግኙ አጠገብ ቢጫ ቁራጭ ተተክሏል፤ ስድስት ቁራጭ፣ ሁሉም እኩል፣ የቶርኖ ሰው እንደለካቸው። መጋዙ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«አሮጌውን ቆረጥከው?» አለች።

«ለእኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? እጅ የለኝ። ለቲማቲም ይሁን።»

ሚዛን መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

«አባዬ፣ የሰበርከው አንተ አይደለህም።»

«ሌላ ሰው አልነበረም እኮ እዚያ።»

ወረቀቱን አወጣችና ሰጠችው። አባቷ አራቀው፣ አቀረበው። ከጭንቅላቱ በላይ ዘንግ የገነደሰውን፣ በቀይ የተሰረዘውን ሰውዬ አየ። ሁለተኛውን፣ ድንጋይ ላይ የሚመታውን አየ።

«ይሄ እኔ ነኝ እኮ» አለ።

«እሱ ግራፋይት ነበር። ስምንት ቁጥር። እንደ አሮጌው አይደለም፤ አንዴ ከተጋጨ አይምርም። አውቅ ነበር። ቁጥሩን የፋቅኩትም እኔ ነኝ።»

«ይሄ ወረቀት የት ነበር?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳይከፋህ ብዬ። ጣትህ እንደደነዘዘ የማውቅ እንዳይመስልህ ብዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ድስቱ የፈጀህ ቀን።»

አባቷ የእጆቹን መዳፎች ገልብጦ አያቸው። ቢቆጣት፣ ቢጮህባት በወደደች። «ዛሬ ቀኑን ሙሉ እጄን ስረግም ዋልኩ» አለ። «ለካ አልበደለኝም። ልጄ፣ አንዲት ቃል ብትነግሪኝ እኮ ዝቅ አድርጌ እይዘው ነበር። ለመማር መቼ አረጀሁ?»

እሱ ወረቀቱን በየእጥፋቱ መልሶ አጠፈው። ከዚያ ሳያያት፣ «ሐኪሙስ?» አለ። «ክረምቱ ሲወጣ ይሻልሃል ያለው እሱ ነው፣ ወይስ አንቺ?»

ሚዛን ራሷን አቀረቀረች። 

«እሺ» አለ አባቷ። «እሺ በቃ። ደንበኛው ሁሉ ዓሣ ጠፋ ይላል ያልሽኝም...» አልጨረሰውም። ተነሥቶ መጋዙን ከመሬት ሊያነሣ ጎንበስ አለ፤ ሁለቴ ከእጁ ወደቀ፣ በሦስተኛው ያዘው። እሷ ልትረዳው አልተነሣችም። የትኛው ርዳታ እንደሚያስከፋው ማወቅ አቅቷታል።

የተሰበረውን ዘንግ ወጌሻው ጠገነው። ከሌላ ዘንግ ስባሪ ቆርጦ ውስጡን አስገባ፣ አጣበቀ፣ ላዩን በጥቁር ክር ጠመጠመ። አራት ቀን ፈጀበት፤ አንዴም አላሾፈባትም፤ እሱም ነው ይበልጥ ያሳዘናት። ሲያስረክባት፣ «ዘንግ ይሆናል፣ ጆሮ ግን አይሆንም» አላት። «ንዝረቱ የተጠገነው ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል።» 

አባቷ ወደ ሐይቁ አልሄድም አለ። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ። ቀኑን ከቲማቲሞቹ ጋር ይውላል። ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ነገር ተለወጠ፤ ወጡ ጣፍጧል ስትለው ቀና ብሎ ያያታል፣ ዛሬ ደህና መስለሃል ስትለው ቀና ብሎ ያያታል። ክፋት የለውም አያየቱ። የሚመዝን ሰው ዕቃውን እንደሚመለከተው ያለ ነው። እሷ ከዚያ ወዲህ አንዲት ውሸት አልወጣትም፤ ሱቅም ውስጥ ሳይቀር፤ ባለሱቁ ምን ነካሽ እስኪላት ድረስ። ግን ይሄን ለአባቷ እንዴት ታሳየዋለች? እውነት መናገሯን የሚያውቀው እሷ ብቻ ነች።

አንድ እሁድ ጠዋት ሳትጠይቀው ባርኔጣውን ደፍቶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። «እስኪ እንሂድ» አለ።

ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐይቁ ግራጫ ነው፣ ጀልባዎቹ እንደታሰሩ ናቸው። ከመወርወሩ በፊት ሚዛን የተጠገነውን ዘንግ ጫፍ ያዘችና ጉሮሮዋ ላይ አስደገፈችው። አባቷ ዓይኑን ጨፈነ።

«አባዬ፣ ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም» አለ። 

ዘንጉ ይሁን እጁ፣ አልጠየቀችውም። ትሏን መንጠቆው ላይ አደረገችለት፤ ወረወረ። ከዚያ እሷ ከእጀታው ከፍ ብላ ክሩን በሁለት ጣቷ መሃል ያዘችው። «እኔ እነግርሃለሁ» አለችው። «ነካ ስልህ ሳብ ታደርጋለህ። ዝቅ አድርገህ።»

«ዝቅ አድርጌ» አለ። አያያዙን አስተካከለ፤ ወረቀቱ ላይ እንዳለው፣ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ። አንዴ ከነገሩት ያውቃል።

ነፋስ የለም። ሚዛን ትንፋሿን ሰብስባ ጠበቀች። ክሩ ውስጥ በመጀመሪያ አንዲት ትንሽ ነገር መጣች፣ ቀጥላ ሌላ። ከዚያ ዓሣው ጎረሰ፤ ጣቷ ላይ ቁልጭ ብሎ።

«ነካ!» አለች። «አባዬ፣ ነካ!»

አባቷ አልሳበም። ዞር ብሎ ፊቷን አየ። ዓይኗን፣ አፏን፣ እንደገና ዓይኗን። ደስ እንዲለኝ ብላ ይሆን እያለ እንደሚመረምራት ገባት፤ ምንም ብትል ያው ቃል ነው። ሲስብ ክሩ ቀልሎ መጣ። ባዶው መንጠቆ ከውሃው ወጥቶ ከፊታቸው ተንጠለጠለ፤ ትሏ ተበልታለች።

«እውነትሽን ነበር ለካ» አለ አባቷ።

«እውነቴን ነበር።»

ባልዲው አጠገብ ካለችው ጣሳ ሌላ ትል አወጣችና መንጠቆው ላይ አደረገችለት። ወረወረ። ክሩን ያዘች። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ነካ፤ ነገረችው፤ አባቷም መጀመሪያ ፊቷን አየ።